ዋየርለስ ማውስ ሲያስቸግር፦ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን እዩ

ብዙ ሰው ማውሱ ትንሽ ሲያስቸግረው በቃ ተበላሽቷል ብሎ ሄዶ ሌላ ይገዛል፣ አዲሱንም እዛው ቦታ ላይ ሰክቶ ያው ጸባይ ያሳየዋል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሪሲቨሩ (ኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካው የማውሱ ትንሽ ዕቃ) የተሰካበት ቦታ ወይም ድንጋዩ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ምልክቱን እዩ፣ ምን እንደሆነ ለዩ፣ ብር የምታወጡት ከዛ በኋላ ነው።

ጭራሽ አልንቀሳቀስ ካለ

ከሆዱ ስር ያለችውን ማብሪያ ማጥፊያ እዩ፣ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ እየተነካች ትጠፋለች። ከዛ ድንጋዩን አውጥታችሁ ፕላስና ማይነሱን አይታችሁ መልሱት፣ ሪሲቨሩንም ነቅላችሁ ሌላ ዩኤስቢ ላይ ሰኩት። ከስር ቀይ መብራት ስላላያችሁ ሞቷል እንዳትሉ፣ ብዙ ዋየርለስ ማውስ የሚጠቀመው በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ነው፣ የስልካችሁን የሰልፊ ካሜራ ከፍታችሁ ከስር ብታዩት ብዙ ጊዜ ብልጭ ሲል ይታያችኋል።

ሪሲቨሩ ጠፍቶ ከሆነ የሌላ ማውስ ሪሲቨር ዝም ብሎ አይሰራም፣ አብሮት የተሰራውን ነው የሚያውቀው። የሎጂቴክ ዩኒፋይንግ የሚባለው ግን የተለየ ነው፣ ብርቱካናማ ምልክት ያለበት ማውስ ከሆነ ምልክቱ ያለበት ሌላ ሪሲቨር ፈልጋችሁ በሶፍትዌሩ ማገናኘት ትችላላችሁ፣ አንዱ ሪሲቨር እስከ 6 ዕቃ ይይዛል። ቦልት የሚባለው አዲሱ የሎጂቴክ ሪሲቨር ግን ከዩኒፋይንግ ጋር አይገናኝም፣ ስትገዙ ተጠንቀቁ።

እስከዛ ድረስ ስራ እንዳይቆምባችሁ ዊንዶውስ ላይ ግራ አልት፣ ግራ ሺፍትና ነም ሎክን አንድ ላይ ተጫኑና የስ በሉት፣ ከዛ በኪቦርዱ የቀኝ ቁጥሮች ቀስቱን ታንቀሳቅሳላችሁ፣ 5 ደግሞ ክሊክ ያደርግላችኋል።

የሚቆራረጥ፣ የሚዘገይ፣ ሄድ መለስ የሚል ከሆነ

በጣም የሚበዛው ይሄኛው ነው፣ ድንጋይ በላይ በላይ እየተገዛም የማይለቅ። ላፕቶፓችሁን ጎኑን እዩት፣ ውስጡ ሰማያዊ የሆነ ዩኤስቢ ካለ ዩኤስቢ 3 ነው፣ እሱ ዳታ ሲያስተላልፍ የሚለቀው ረብሻ ማውሱ ከሚሰራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ጋር ይጋጫል። ይሄ ግምት አይደለም፣ ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. ጽሁፍ አውጥቶበታል። ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ፊልም ስትገለብጡ ማውሱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነና ሃርድ ዲስኩን ስትነቅሉት የሚስተካከል ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፣ አገኛችሁት ማለት ነው።

መፍትሄው ሪሲቨሩን ከሃርድ ዲስኩ ማራቅ ነው፣ ጥቁሩ ዩኤስቢ ላይ ወይም በሌላኛው ጎን ሰኩት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ ብረቱ መሀል ተደብቆ ጠረጴዛ ስር ካለ ወደ ፊት አምጡት፣ ካልሆነ አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝታችሁ ሪሲቨሩን ማውሱ አጠገብ አድርጉት፣ ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ይገላገላል። ዋይፋያችሁም 2.4 ላይ ከሆነና ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደሱ ቀይሩ።

ትንሽ ዝም ስትሉት ተኝቶ ስትነኩት የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ፓወር ለመቆጠብ ዩኤስቢውን እያጠፋው ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስና ኤክስን ተጭናችሁ ዲቫይስ ማናጀር ግቡ፣ ዩኤስቢ ሩት ሃብ የሚለውን፣ ብሉቱዝ ማውስ ከሆነ ብሉቱዙን፣ ፕሮፐርቲስ ክፈቱና ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ያለችውን ራይት ምልክት አንሱት። የላፕቶፑን ባትሪ ትንሽ ይወስዳል ግን ማውሱ አይተኛም።

ቀስቱ የሚዘል ከሆነ

የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ተራ ማውስ አይሰራም፣ የሚያብለጨልጭ ቦታ ላይም ያስቸግራል፣ ነጭ ወረቀት ከስር አድርጋችሁ ሞክሩ። ወረቀት ላይ ከተስተካከለ ማውሱ ጤነኛ ነው። ካልተስተካከለ ገልብጡትና ቀዳዳውን በመብራት እዩት፣ አንዲት ፀጉር ገብታ ቀስቱን ታስጨፍረዋለች፣ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ቀስ ብላችሁ አውጧት።

አንዴ ሲነኩት ሁለቴ ክሊክ የሚያደርግ

ፎልደር አንዴ ስትነኩት ይከፈታል፣ ፋይል ስትጎትቱ መንገድ ላይ ይለቀዋል። መጀመሪያ ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ በአንድ ክሊክ ክፈት የሚለው ተመርጦ እንዳይሆን እዩ። ካልሆነ የበተኑ ስዊች አርጅቷል፣ ውስጡ ያለችው ቀጭን ብረት በደንብ አትነካም። ለጊዜው ማውስ ሴቲንግ ገብታችሁ ዋናውን በተን ወደ ቀኝ ቀይሩት። ዋናው መፍትሄ ስዊቹን መቀየር ነው፣ ትንሽ ባለ ሶስት እግር ዕቃ ነው፣ ሰሪ ጋ ወስዳችሁ ከሌላ አሮጌ ማውስ አውጥቶ ሊበይድላችሁ ይችላል። ራሳችሁ የምትከፍቱ ከሆነ ብሎኑ ብዙ ጊዜ ከስር ካሉት ተንሸራታች እግሮች ወይም ከስቲከሩ ስር ተደብቆ ነው ያለው፣ ብሎን አጣሁ ብላችሁ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት።

ድንጋይ ቶሎ ቶሎ የሚጨርስ ከሆነ

ሄቪ ዱቲ የሚል የተጻፈበት ርካሹ ድንጋይ ካርቦን ዚንክ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎም ያፈሳል፣ ለማውስ አልካላይን የሚለውን ግዙ። ሁለት ድንጋይ የሚወስድ ከሆነ አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ፣ ደካማው ጥሩውን ይዞት ይሄዳል። ቴስተር ካላችሁ ለኩት፣ አዲስ አልካላይን ከ1.5 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ወደ 1.1 ከወረደ እያለቀ ነው። ቻርጅ የሚደረገው ግን ሙሉ ሆኖም 1.2 አካባቢ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ባትሪ ሎው ቢላችሁ አትደንግጡ፣ ይሰራል። በቁመት ከተራው ድንጋይ ጋር አንድ የሆነ 3.7 ቮልት የሚል ሊትየም ግን በፍጹም እንዳታስገቡ፣ ማውሱን ያቃጥለዋል።

ማታ ስትጨርሱ ከስር አጥፉት፣ ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ደግሞ የግድ ነው፣ በተነቃነቀ ቁጥር ይነቃላ። የጌም ማውስ ከሆነ መብራቱን አጥፉና ፖሊንግ ሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ ለኮምፒውተሩ መረጃ እንደሚልክ የሚወስነውን፣ ከ1000 ወደ 125 አውርዱት፣ ለቢሮ ስራ ልዩነቱ አይታወቃችሁም።

ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት ከሆነ ድንጋዩን አውጡት። የተረሳ አልካላይን ያፈሳል፣ ሞላው ላይ ነጭ ዱቄት ታያላችሁ፣ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል በባዶ እጅ አትንኩት። ጥጥ አቼቶ ወይም ሎሚ አስነክታችሁ ጥረጉት፣ ትንሽ አረፋ ሲል እየሰራ ነው፣ ፈሳሹ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ጥጡን ጭመቁት። ቀጥሎ በአልኮል አጽዱና በደንብ አድርቁት፣ ዝገቱ ካልለቀቀ በላጲስ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሞላውን አሹት፣ ከዛ አዲስ ድንጋይ አስገብታችሁ ሞክሩ። ሞላው ተበልቶ ከተቆረጠም ሰሪ ጋ ከሞተ ማውስ ላይ ተነቅሎ ይቀየራል።