አማርኛ ለማይናገሩ አረጋዊ ታካሚ የነርሲንግ እንክብካቤ ዕቅድ እንዴት ይዘጋጃል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በኮልፌ ቀራንዮና በየካ ጫፍ በሚገኙ ጤና ተቋማት ከሚተኙ አረጋውያን መካከል አማርኛ የማይናገሩ ወይም ከሰላምታ ያለፈ የማይረዱ አሉ። ኦሮምኛ ተናጋሪዎች አሉ፤ ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር ከጉራጌ፣ ከሐዲያ ወይም ከወላይታ የመጡም አሉ። በእነዚህ ታካሚዎች ዘንድ የቋንቋው ችግር እንደ ደም ግፊት ወይም እንደ ቁስል ሁሉ በካርዳቸው ላይ ተጽፎ፣ ግብ ተቀምጦለትና ኃላፊ ተመድቦለት ሊታከም ይገባዋል። ለማስረዳት ያህል፣ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገሩ፣ ለስኳር በሽታቸው ኢንሱሊን የሚወስዱና እግራቸው የቆሰለ አንዲት እናት ከሰበታ አቅጣጫ መጥተው ተኝተዋል እንበል።

የመጀመሪያው ሥራ መረጃ መሰብሰብ ነው። ታካሚዋ በየትኛው ቋንቋ መነጋገር እንደሚመርጡና ማንበብ ይችሉ እንደሆነ ይጠየቅ። ጆሯቸውና ዓይናቸውም ለብቻው ይፈተሽ፤ ምክንያቱም የመስማት ችግር በቀላሉ የቋንቋ ችግር ይመስላል፣ የሁለቱ መፍትሔ ግን የተለያየ ነው። ጮክ ብሎ መናገር ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ከማስደንገጥ በቀር የሚፈይደው የለም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የአስተርጓሚው ምርጫ ነው። በተቋሙ ውስጥ ቋንቋውን የሚናገር የጤና ባለሙያ ካለ እርሱ ይቀድማል። የልጅ ልጅን፣ በተለይ ለአካለ መጠን ያልደረሰን፣ ማስተርጎም ተገቢ አይደለም። ወንድ ልጃቸው በአጠገባቸው ቆሞ ስለ ሽንታቸው ወይም ስለ ማህፀናቸው ሲጠየቁ እናት ዝም ቢሉ ሊያስገርመን አይገባም፤ እንዲህ ላለው ጥያቄ ሴት አስተርጓሚ ትፈለግ። አስተርጓሚው የተባለውን ሳይጨምርና ሳያሳምር እንዲናገር አስቀድሞ ይነገረው፤ ነርሷም ዓይኗን ከታካሚዋ ሳትነቅል በቀጥታ እርሳቸውን ታናግር። በአረጋውያን ላይ በድንገት የሚከሰት የአእምሮ መዋዠቅ የኢንፌክሽን ወይም የስኳር መውረድ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ደግሞ ከአክብሮት የተነሳ የተዘበራረቀውን ንግግር አስተካክሎ ስለሚያቀርብ፣ ነርሷ ልታየው የሚገባት ምልክት ሊደበቅባት ይችላል።

በዚሁ ደረጃ ታካሚዋ ስለ ጾምና ስለ ጠበል ሳይወቀሱ ይጠየቁ። ኢንሱሊን ወግተው እስከ ከሰዓት በኋላ የሚጾሙ እናት ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላልና፣ ይህን ሳያውቁ የሚዘጋጅ ዕቅድ ጉዳት ያስከትላል።

ቀጥሎ ችግሩ በነርሲንግ አሠራር፣ ማለትም ችግሩን፣ ምክንያቱንና ማስረጃውን አያይዞ ይጻፍ፦ «በቋንቋ ልዩነት ምክንያት የተስተጓጎለ የቃል ግንኙነት፤ ለማንኛውም ጥያቄ ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ ይመልሳሉ፤ የመድኃኒታቸውን ሰዓት መግለጽ አልቻሉም።» የመጨረሻው ሐረግ ቋንቋውን ከኢንሱሊኑ ጋር ስለሚያገናኘው አይቅር።

ግቡ የሚለካና ጊዜ የተቆረጠለት ይሁን። «ግንኙነታቸው ይሻሻላል» የሚለው ለማንም አይጠቅምም። «በ24 ሰዓት ውስጥ ሕመም፣ ጥማትና ሽንት ሲኖርባቸው በቃል፣ በሥዕል ወይም በእጅ ምልክት ያስታውቃሉ» የሚለው ግን በማግስቱ ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ሊባል ይችላል። ሁለተኛው ግብ ከመውጣታቸው በፊት የስኳር መውረድ ምልክቶችን፣ ማለትም ላብ፣ መንቀጥቀጥና ድንገተኛ ረሃብን፣ በራሳቸው ቋንቋ መናገራቸው ይሁን።

በተግባር ክፍሉ ውስጥ አስተርጓሚ በየትኛው ሰዓት እንደሚገኝ ይመዝገብ፤ የቁስል እጥበቱና የሐኪሙ ጉብኝትም በተቻለ መጠን ከዚያ ሰዓት ጋር ይገጣጠም። አስተርጓሚ የማይገኘው ብዙ ጊዜ ሌሊት ስለሆነ፣ ለሌሊት ተረኛ የሚሆን ወረቀት ከአልጋው ራስጌ ይለጠፍ፤ በላዩም የውሃ፣ የሽንት ቤትና የሕመም ሥዕል፣ ከሥሩም «ቢሻን» (በኦሮምኛ ውሃ) የመሳሰሉ አስፈላጊ ቃላት በግዕዝ ፊደል ይጻፉ። ሕመም ከ0 እስከ 10 በቁጥር መለካቱ ካስቸገረ የፊት ገጽታ ሥዕል ይቅረብ። የመርሳት በሽታ ላለባቸው ደግሞ ትንፋሽን፣ ድምፅን፣ ፊትን፣ የሰውነት እንቅስቃሴንና ሲያባብሏቸው መረጋጋታቸውን አይቶ መመዘን ይቻላል። ፈቃድ የሚጠይቅ ሕክምና ግን በሥዕልና በምልክት አይፈጸም፤ አስተርጓሚ የግድ ነው።

ትምህርት ሲሰጥ «ገባዎት?» ተብሎ አይጠየቅ፤ በይሉኝታ «አዎ» ይላሉ። ይልቁንም «ቤት ሲገቡ መርፌውን እንዴት እንደሚወጉ ያሳዩኝ» ቢባሉ የቀረው ክፍተት ወዲያው ይታያል። ስኳራቸው በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ቢወርድ፣ ራሳቸውን እስካወቁና መዋጥ እስከቻሉ ድረስ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት እንደሚገባ አስታማሚያቸውም አብሮ ይማር። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጥ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዱ።

ግምገማው በየፈረቃው ርክክብ ይካሄድ፤ ያልተሳካው ዘዴ «አልሠራም» ተብሎ ተጽፎ በሌላ ይተካ። ሲወጡም የመድኃኒቱ ፖስታ ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ይሣል። የቀጠሮው ቀን ቋንቋቸውን ለሚናገር አስታማሚ በቃልም በጽሑፍም ይነገር፤ ለአካባቢያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚሰጠው የመላኪያ ወረቀትም የሚናገሩትን ቋንቋና የመረጡትን አስተርጓሚ ይጥቀስ።