አዲስ የገባ ሳውንድ ካርድ አላነብ ሲል

ስታዲየም አካባቢ ወዳለችው ጠባብ የጥገና ቤቴ ኮምፒውተሩን ታቅፎ የሚመጣ ሰው ሁሉ አቤቱታው አንድ ነው፦ «አዲስ ሳውንድ ካርድ አስገብቼበት አላነብ አለኝ።» እኔም በጥያቄ እመልስለታለሁ። አላነብ አለ ማለት የካርዱ ስም ኮምፒውተሩ ላይ ከነአካቴው የለም ማለት ነው? ወይስ ስሙ እያለ ድምፅ የለም?

ሁለቱ ለየቅል የሆኑ በሽታዎች ናቸው፤ ብዙ ሰው ግን ለሁለቱም የሚያዝዘው መድኃኒት ድራይቨር ነው፤ ዊንዶውስ ካርዱን እንዲያሠራ የሚጫንለት ፕሮግራም ማለት ነው። ሌሊቱን ሲያወርድ አድሮ፣ የዳታ ጥቅሉን ጨርሶ፣ አራት ዓይነት ድራይቨር በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ከማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ጋር በቅጡ ያልተገናኘን ካርድ ግን የትኛውም ድራይቨር አያስነሳውም።

ስለዚህ ካቻቪቴም ሆነ ኢንተርኔት ሳይነኩ በፊት ዊንዶውስ ያያቸውን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ከታች ያለውን የመስኮት ምልክት በቀኝ ጠቅ ሲያደርጉ ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ያገኙታል። የካርዱ ስም ከሌለና ያልታወቀ ዕቃም ካልተመዘገበ ነገሩ የብረት (የካርዱ አካል ወይም የአሰካኩ) ነው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለ የድራይቨር ነው። ስሙ በሰላም ከተቀመጠ ደግሞ ካርዱን ተዉት፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ስሙ ጨርሶ ከሌለ

ባለፈው ጾም አንድ ዲያቆን መጣ። ያመጣው ቤቱ ሆኖ የበገና ድምፅ የሚቀዳበትን ኮምፒውተር ነው፤ ካርዱን ያገለገለ ገዝቶ ራሱ ገጥሞታል። «ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ነቅዬ ሰክቼዋለሁ» አለኝ። ጎኑን ከፍቼ ባትሪ አበራሁበት። ከላይ ሲያዩት በደንብ የገባ ይመስላል። ዝቅ ብዬ ከጎን ስመለከተው ግን በብሎኑ በኩል ያለው ጫፍ ተጭኖ፣ ጭራው የጥፍር ውፍረት ያህል ከስሎቱ (ካርዱ ከሚሰካበት ቀዳዳ) ብድግ ብሏል፤ ከወርቃማ ጥርሶቹ የኋለኞቹ ወደ ውጭ ይታያሉ። ዲያቆኑ ሲሰካው ልክ ነበር። ብሎኑን ሲያጠብቅ ነው ጫፉ ላይ ያለው ብረት ካርዱን ያዘመመው። ሦስት ጊዜ ሰክቶ ሦስት ጊዜ በገዛ ብሎኑ ነቅሎታል።

መፍትሄው ቀላል ቢሆንም ቅደም ተከተል አለው። ኮምፒውተሩን ያጥፉና ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። መብራት ጠፍቷል ብለው ገመዱን ሰክተው አይሥሩ፤ እጅዎ ውስጥ እያለ ሊመጣ ይችላል። ከዚያም ማብሪያውን ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። ኮምፒውተር ጠፍቶም ቢሆን ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ 5 ቮልት ማዘርቦርዱ ላይ ይቆያል፤ ከተነቀለ በኋላ የቀረችውን ኃይል የሚያወጣት ይህ ነው። የኬዙን ባዶ ብረት ነክተው ካርዱን በጠርዙ ይንቀሉት። ጥርሶቹ ከጠቆሩ በነጭ ላጲስ ቀስ ብለው ይጥረጉ፤ ፍርፋሪው ስሎቱ ውስጥ እንዳይገባ ከኬዙ ርቀው ያራግፉት። ሲመልሱት ሁለቱንም ጫፍ እኩል ይጫኑ፤ ብሎኑን በአንድ እጅ ሲያጠብቁ በሌላው እጅ ጭራውን ይዘው ይቆዩ። አሁንም ብድግ ካለ ብረቱን ፈትተው በትንሹ ያቃኑት። ጠበብ ያለ ኬዝ ከሆነ ደግሞ ካርዱ አጭር ብረት ይፈልጋል፤ ረጅሙን በግድ ማስገባት ስሎት መስበር ነው።

በዚህ ካልተነሳ ስሎት ይቀይሩ። በዛሬው የመሰኪያ ዓይነት፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ፣ የተሠራ ትንሽ ካርድ ረጅሙ ስሎት ውስጥም ይሠራል፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ነው። በአንዳንድ ማዘርቦርድ ኤም.2 የሚባለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ዲስክ ሲገባ ከስሎቶቹ አንዱ ሥራ ያቆማል፤ ሁለቱ አንድ መስመር ስለሚጋሩ ነው። የትኛው እንደሆነ የማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ተጽፏል። የድሮው ፒሲአይ ካርድ ግን ከፒሲአይ ኤክስፕረስ ጋር ስሙ እንጂ ጥርሱ አይገጥምም።

የራሱን ኃይል የሚፈልግ ካርድም አለ። ለምሳሌ የአሱስ ዞናር ኢሰንስ ኤስቲኤክስ እንደ ድሮ ሃርድ ዲስክ ባለአራት እግር የኃይል ገመድ ከፓወር ሰፕላይ ይሰካለታል። ያገለገለ ሲገዙ ይህን የሚነግርዎ ሻጭ አያገኙም፤ ካርዱ ላይ ባዶ መሰኪያ ካዩ ይጠይቁ።

ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው ቅንብር) ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራውን ድምፅ ማጥፋት ግዴታ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ማጥፋቱ የሚጠቅመው በስም እንዳይምታቱብዎ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ካርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር ነው። እዚያም ስሙ ካልወጣ ካርዱ አልቆለታል፤ ገንዘብዎን ለማስመለስ ይሂዱ።

ቢጫ ምልክት ካለበት

ካርዱ በስሙ ሳይሆን «መልቲሚዲያ ኦዲዮ ኮንትሮለር» ተብሎ ቢመዘገብ ደስ ይበልዎ፤ ማዘርቦርዱ አይቶታል፣ የጎደለው ድራይቨር ነው። ሁለቴ ጠቅ አድርገው የስህተት ቁጥሩን ያንብቡ። 28 ከሆነ ድራይቨር አልተጫነም። 10 ከሆነ ተጭኗል፣ ዕቃው ግን መነሳት አቅቶታል፤ ድራይቨሩን አራግፈው ከካርዱ አምራች ገጽ ያወረዱትን ይጫኑ። 52 ከሆነ ዊንዶውስ የድራይቨሩን ዲጂታል ፊርማ አላመነም፤ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨሩ የድሮ ነው።

ካርዱ የማን እንደሆነ ካላወቁ እዚያው «ዲቴልስ» ውስጥ የሃርድዌር መለያውን ይዩ፤ የአምራቹ ቁጥር 1102 ከሆነ የክሪኤቲቭ ነው። ቺፑን ሳያውቁ በግምት ማውረድ ዳታ መድፋት ነው።

ከጫኑ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ማብራት ሁልጊዜ አይበቃም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የመጣው ፋስት ስታርትአፕ ሲዘጋ የሥርዓቱን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ያንኑ ይመልሳል። «ሪስታርት» ይበሉት፤ ያኔ ከዜሮ ይነሳል።

ለአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ብቻ ድራይቨር የተሠራለት ካርድ ይዘው ዊንዶውስ 11 ላይ የሚታገሉ ከሆነ ግን ባይደክሙ እመርጣለሁ። ዊንዶውስ 11 ባለ64 ቢት ብቻ ነው፤ የ32 ቢት ድራይቨር አይቀበልም። በዩኤስቢ የሚሰካ ካርድ ይግዙና ይገላገሉ። ከዊንዶውስ ሌላ የሆነውን ሥርዓት፣ ኡቡንቱን፣ በፍላሽ አስነስተው ቢሞክሩም አይጎዳም፤ ዊንዶውስ የረሳቸውን ብዙ አሮጌ ካርዶች ያለ ድራይቨር ፍለጋ ያነባል።

ስሙ አለ፣ ድምፁ የለም

ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የድምፅ ምልክት ነክተው የተመረጠው መውጫ የትኛው እንደሆነ ይዩ። በኤችዲኤምአይ የተያያዘ ሞኒተር ካለ ድምፁ ወደ እሱ እየሄደ ሊሆን ይችላል፤ ሞኒተሩ ስፒከር ባይኖረውም።

ሁለተኛው ነገር የቀዳዳ ጉዳይ ነው። ዲያቆኑ ካርዱን አስተካክዬለት፣ ኮምፒውተሩን በታክሲ ጭኖ አራት ኪሎ ከገባ በኋላ ማታ ደወለ።

«ጋሼ፣ አሁን ስሙ አለ፣ ድምፁ ነው የሌለው።»

በሽታውን ለይቶ በመናገሩ ደስ አለኝ። «ዲያቆን፣ ማዳመጫውን የት ነው የሰካኸው?» አልኩት።

«ከፊት ለፊት፣ ኬዙ ላይ።»

የፊተኛው ቀዳዳ ገመዱ በውስጥ የተያያዘው ከማዘርቦርዱ እንጂ ከአዲሱ ካርድ ጋር አይደለም። ካርዱ የፊት መሰኪያ ካለው ገመዱን አዛውሮ ማያያዝ ይቻላል፤ ለዚያ ግን እንደገና መክፈት ያስፈልጋል። ለጊዜው ከኋላ፣ ከታች በኩል፣ ካርዱ ራሱ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቀዳዳ ፈልግ አልኩት። ጠረጴዛ ሲጎተት ተሰማኝ፤ ትንሽ ዝም አለ።

«መጣ፣ ጋሼ። አሥሩም አውታር።»