አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት ቸርኬ ስታገኙ

ጅማ ውስጥ፣ ሒርማታ ገበያ ከአሮጌ ዕቃ መካከልም ሆነ በብስክሌት ጠጋኝ ደጃፍ፣ ቀጭን የእሽቅድምድም ቸርኬ ተጥሎ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። በትንሽ ሥራ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል።

መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት። ከሳበው ብረት ነው፤ ካልሳበው አሉሚኒየም። ዝናብ በሚበዛበት ከተማችን የረጠበ የብረት ቸርኬ ፍሬን ስለማይዝ ቁልቁለት ላይ አደገኛ ነው። እኔ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስደውም።

ዋናው ጉዳይ ልኩ ነው። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ 27 ኢንች ሲሆኑ፣ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 630 ሚሊሜትር ነው፤ የዛሬው 700ሲ የሚባለው ልክ ደግሞ 622 ነው። 8 ሚሊሜትር ናት ብላችሁ አትናቋት! የ630 ጎማ በ622 ቸርኬ ላይ በቀላሉ ይገባና ሲነፋ ፈንቅሎ ይወጣል። ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር አንብባችሁ ግዙ። የ27 ኢንች ብስክሌታችሁን ወደ 700ሲ ከቀየራችሁም የፍሬኑን ላስቲክ 4 ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ጠርዙ ከንፈር የሌለው ቸርኬ ግን ጎማው በማጣበቂያ የሚለጠፍበት ዓይነት ስለሆነ ይቅርባችሁ።

የኋላው ቸርኬ መሃል (ራጂዎቹ የሚነሱበት ክፍል) በፍሬሙ ሹካ መካከል የሚይዘው ስፋትም ይለያያል፤ የድሮው 120 ወይም 126 ሚሊሜትር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው 130 ነው። ፍሬሙን ሳትለኩ ገንዘብ አትክፈሉ።

በራጂዎቹ ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ቸርኬው አብቅቶለታል። መሃሉን ግን ፈትታችሁ ውሰዱት፤ ኩሽኔታው ታጥቦ አዲስ ግራሶ ሲቀባ በሌላ ቸርኬ ላይ እንደገና ይሠራል።