«አስፐርገር» የሚለውን ወረቀት አትቅደዱት

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፤ ከሰው ጋር መግባባትንና ባህርይን የሚነካ የእድገት ልዩነት ነው። የጎንደርን ነገሥታት ከፋሲል ጀምሮ በተራ ይጠራል። ዮሐንስ፣ ኢያሱ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ቴዎፍሎስ እያለ ይወርዳል። አንዱን ከዘለላችሁበት ይቆጣል። ከፒያሳ ቤታችን ድረስ ግን ብቻውን መምጣት አይችልም። ባጃጅ ክላክስ ሲያደርግ ጆሮውን ይዞ ወደ አስፋልቱ መሃል ይሮጣል።

ለሱ ድጋፍ ፍለጋ ስመላለስ ብዙ ተሳስቻለሁ። ለሌላ ወላጅ ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ልጻፍ፤ እያንዳንዱ ርዕስ አንድ ስህተት ነው።

አሮጌውን ወረቀት መጣል

ልጄ መጀመሪያ የታየው አዲስ አበባ ነው። የሐኪሙ ወረቀት «አስፐርገር ሲንድረም» ይላል፤ ከኦቲዝም ጋር ለሚቀራረብ ሁኔታ ይሰጥ የነበረ ስም ነው። ከዓመታት በኋላ እዚህ ጎንደር ሲታይ «ኦቲዝም ስፔክትረም» ተባለ። ሁለቱንም ይዤ ድጋፍ ልጠይቅ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ወጣቱ ሠራተኛ አገላብጦ አያቸውና «እትዬ፣ የቱን ነው የምናምነው?» አለኝ። አንዱን አስመስዬ ያሠራሁ መስሎታል። እልህ ይዞኝ ቤት ስደርስ አሮጌውን ልቀደው ነበር። እንኳንም አልቀደድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ዲኤስኤም-5 የተባለውን የአእምሮ ጤና ምርመራ መመሪያ ሲያወጣ አስፐርገርንና ሌሎች ተቀራራቢ ስሞችን ኦቲዝም ስፔክትረም በሚል አንድ ስም ጠቀለላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን አስፐርገርን ከበሽታዎች መዝገቡ ያወጣው አይሲዲ-11 በተባለው እትም ነው፤ እሱም ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በመሃል ባሉት ዓመታት ሁለት ሐኪሞች ለአንድ ልጅ ሁለት ስም ቢጽፉ ማንም አልዋሸም። በዚያ ላይ አዲሱ መመሪያ ምልክቶቹ የጀመሩት በልጅነት መሆኑን ይጠይቃል። ለዚህ ደግሞ ከአሮጌው ወረቀት የተሻለ ምስክር የለም።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ሐኪሙን «ቀድሞ አስፐርገር ይባል የነበረው አሁን በዚህ ስም ይጠራል» ብሎ እንዲጽፍና ማኅተም እንዲያደርግበት ጠይቁት።

«ስሙ ስለቀረ መብቱም ቀረ» ማለት

አልቀረም። ዲኤስኤም-5 ራሱ በቀድሞው መመሪያ በሚገባ ተመርምሮ አስፐርገር የተባለ ሰው አዲሱ ስም ይሰጠው ይላል። የኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን መርዳት አገሪቱ አቅሟ በፈቀደ መጠን የመንግሥት ኃላፊነት ነው ሲል የበሽታ ስም አልዘረዘረም።

«ደረጃ 1»ን «ቀላል ነው» ብሎ ማንበብ

ከኦቲዝም ስም አጠገብ የምትጻፈው ይቺ ቁጥር ብዙ ቤት አስለቅሳለች። ዲኤስኤም-5 ለኦቲዝም ሦስት ደረጃዎች አሉት። አንደኛው «ድጋፍ ያስፈልገዋል» ነው የሚለው፤ ሁለተኛው ብዙ ድጋፍ፣ ሦስተኛው እጅግ ብዙ ድጋፍ። «ድጋፍ አያስፈልገውም» የሚል ደረጃ የለም! መመሪያው እንዲያውም ደረጃዎቹ አገልግሎት ለመስጠትና ለመከልከል መለኪያ እንዳይሆኑ ያስጠነቅቃል። ቁጥሯን ብቻ አይቶ የሚመልሳችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

ስም ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ መሄድ

የኔ የመጀመሪያ ወረቀት ከስሙና ከማኅተሙ ሌላ ሦስት ቃል ነበረው። ያነበበው ሁሉ «እና ምን ይደረግ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ጉዳትን የሚያየው ሰውየውን ከሚገጥመው መሰናክል ጋር አገናኝቶ ነው። ስለዚህ መሰናክሉ ይጻፍ። ሁለተኛው ወረቀታችን «መንገድ ብቻውን አይሻገርም፤ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ይሮጣል፤ ልብሱን ለመልበስ በየደረጃው ሊነገረው ይገባል» ይላል። በዚህኛው «ምን ይደረግ?» ያለኝ የለም።

ሐኪም በአሥር ደቂቃ ይህን ሁሉ አያይም። ቤት ሆናችሁ የአንድ ሳምንት ውሎውን በደብተር መዝግባችሁ ሂዱ። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ካገኛችሁ ደግሞ የዕለት ኑሮ ጉዳይ ዋና ሙያቸው ነው። የዚህ ሙያ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው።

ልጁን ቢሮ ወስዶ ችሎታውን ማሳየት

ይህኛው የናት ስህተት ነው። ሰው ፊት ልጄ እንዳያንስብኝ ብዬ «እስቲ ነገሥታቱን ንገራቸው» አልኩት። በካፋ ላይ ሳይደርስ ሠራተኞቹ ሁሉ ከበውት ያጨበጭባሉ። «ይሄ ልጅ ምን ሆነና!» አሉኝ። ማመልከቻዬም ከጭብጨባው ጋር አለቀ። ልጃችሁ የሚችለውን ቤት ኩሩበት። ቢሮ የሄዳችሁት ለማይችለው ነው።

የአሜሪካ ዘመድን ምክር እንዳለ መውሰድ

እህቴ በስልክ «ወረቀቱን ትምህርት ቤት ስጪ፣ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ» አለችኝ። ሰጠሁ። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ከረመ። እዚያም ቢሆን የሐኪም ወረቀት ብቻውን በር አይከፍትም። የልዩ ትምህርት ሕጋቸው ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦቲዝምን ለብቻው ቢያሰፍርም፣ ትምህርት ቤቱ የራሱን ግምገማ ያደርጋል። እኔ ያዋጣኝ ርዕሰ መምህሩን በአካል አግኝቶ የልዩ ፍላጎት መምህር እንዲያየው መጠየቅ ነበር።

ዋናውን ማስረከብ

ፎቶ ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ ይዛችሁት ተመለሱ። እኔ ዋናውን ሰጥቼ ከመዝገብ ቤት ለማስወጣት አራት ጊዜ ከአዘዞ ተመላልሻለሁ። በአራተኛው የተገኘው በሌላ ልጅ ፋይል ውስጥ ነው።