የአምባዛን ዘር በፈሳሽ ናይትሮጂን ለማቆየት፦ ዋናው ነገር የሚቀዘቅዝበት ፍጥነት ነው

አምባዛ የሚያራባ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሴቷ ለመውለድ ስትደርስ ሆዷን ጫን ጫን ሲያደርጉት እንቁላሏ ይወጣል፤ የወንዱ ዘር ግን እንዲህ አይገኝም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ይታረድና ቆለጡ ይወጣል። የሚገኘው ዘር ደግሞ በዕለቱ ካለው እንቁላል በላይ ይሆንና ትርፉ ይደፋል። ይህን ትርፍ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ለዓመታት ማቆየት ይቻላል። ላም ለሚያዳቅሉ ቴክኒሻኖች ስትሮውም (ዘር የሚሞላበት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ናይትሮጂኑም የዕለት ተዕለት ዕቃ ነው፤ የኮርማው አሠራር ግን እንዳለ ለዓሣ አይሆንም።

በመጀመሪያ ዘሩ የሚደባለቅበትን ፈሳሽ ያዘጋጁ። በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 54 ግራም እርጥበት የሌለው ግሉኮስ ይሟሟል። የአምባዛ ዘር ወንዱ ሆድ ውስጥ እያለ አይንቀሳቀስም፤ የሚነቃው ንጹሕ ውሃ ሲነካው ነው፤ ከነቃ በኋላም ጉልበቱን የሚጨርሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው። ግሉኮሱ የሚጨመረው እንዳይነቃ ነው። ስለዚህ ቆለጡን በደንብ አድርቀው፣ ደሙን ጠርገው ይቁረጡት። እርጥብ መቀስ ብቻውን የቀኑን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል።

ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ዘር፣ 8 ሚሊ ሊትር የግሉኮስ ውህድ እና 1 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ያዋህዱ። ሜታኖሉን ከግሉኮሱ ጋር ቀድመው ቢቀላቅሉት ይሻላል፤ ዘሩ ላይ እንዳለ ከፈሰሰ ያቃጥለዋል። ሜታኖል ከበረዶ ጉዳት ይከላከላል፤ ነገር ግን መርዝም ስለሆነ ከተቀላቀለ በኋላ ወሬ አያስፈልግም፤ ወዲያው በ0.5 ሚሊ ሊትር ስትሮ ይሙሉና ይዝጉት።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ስትሮው ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚረጋው ከሴሉ ውጭ ያለው ውሃ ነው። በረዶ የሚወስደው ንጹሕ ውሃውን ብቻ ስለሆነ የቀረው ፈሳሽ ጨዋማ እየሆነ ይሄዳል፤ ከሴሉ ውስጥም ውሃ ይስባል። ቅዝቃዜው ከዘገየ ሴሉ እንደ ቋንጣ ይደርቅና በዚያ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ቆይቶ ይጎዳል። ከፈጠነ ደግሞ ውሃው የሚወጣበት ጊዜ ያጣል፤ ሴሉ ውስጥ እንዳለ ይረጋና ሽፋኑን ያበላሸዋል። የሴሎችን መቀዝቀዝ ያጠኑት ተመራማሪ ፒተር ማዙርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ሁለቱን ጉዳቶች አንድ ላይ አድርገው ያስረዱት በዚህ መንገድ ነው፤ የሚመቸው ፍጥነት በመሐል ነው፤ መሐሉ የት እንደሆነ ግን ከሴል ሴል ይለያያል። ወሳኙ ክፍል በግምት ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 40 ዲግሪ ያለው ነው።

ውድ መሣሪያ ከሌለዎት የፎም ሳጥን ይበቃል። ናይትሮጂን ይቅዱበት፤ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፎም ቁራጭ ያንሳፍፉበትና ስትሮዎቹን ላዩ ላይ ያጋድሙ። ናይትሮጂኑ እየተነነ ሲጎድል ፎሙም አብሮ ስለሚወርድ ርቀቱ አይለወጥም። ፎሙ ሲወፍር ስትሮው ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀጥን ይፈጥናል። ቀጭኑ የ0.25 ስትሮ ደግሞ በተመሳሳይ ከፍታ ከ0.5ቱ ይፈጥናል። «3 ሴንቲ ሜትር ፎም፣ ላዩ ላይ 3 ደቂቃ» የሚለውን ቁጥር ስትሮውን ሳያዩ የሚገለብጡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ይለኩ። ዘር የሌለበት፣ በዚያው ውህድ የተሞላ ስትሮ ውስጥ የቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) ሽቦ አስገብተው በየ5 ሰከንዱ ይመዝግቡ። የሙቀት መጠኑ ከወረደ በኋላ ድንገት ጥቂት ከፍ ቢል አይደንግጡ፤ ውሃው መርጋት ሲጀምር ሙቀት ስለሚለቅ ነው። ከዜሮ በታች ከ5 ወደ 40 ለመድረስ 2 ደቂቃ ከፈጀበት 35ን ለ2 ያካፍሉ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ 17.5 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ከዚያ የፎሙን ውፍረት እየለወጡ ከአንድ ወንድ የተወሰደውን ዘር ያወዳድሩ።

በደቂቃ 5 ዲግሪ ብቻ የሚያወርድ ማሽን ካለዎት አንድ ነገር አይርሱ፤ ከዜሮ በታች 38 ላይ ሲደርስ ስትሮውን ወዲያው ናይትሮጂን ውስጥ አይክተቱት። እዚያው 5 ደቂቃ ያህል ቢቆይ ውሃው ለመውጣት ጊዜ ያገኛል።

ከዚያ ስትሮዎቹን ወደ ናይትሮጂኑ ያስገቡ። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ መስኮት ይክፈቱ። 1 ሊትር ፈሳሽ ሲተን 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ሆኖ የክፍሉን ኦክስጅን ያባርራል።

ሲፈለግ ማቅለጡ ፈጣን መሆን አለበት፤ ቀስ ካለ ትንንሾቹ የበረዶ ቅንጣቶች እንደገና ያድጋሉ። 0.5 ሚሊ ሊትር ስትሮ 40 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 13 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ስትሮውን ጠርገው ያድርቁትና ይቁረጡት፤ ዘሩን ውሃ ካልነካው እንቁላል ጋር ያዋህዱት፤ ውሃውን በመጨረሻ ይጨምሩ። ከዚያው ስትሮ አንዲት ጠብታ በውሃ አንቅተው በማይክሮስኮፕ ይዩ፤ ከመቀዝቀዙ በፊት ከነበረው ጋር ያስተያዩት። የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ከሆነ ቀጣዩን ዙር በሌላ የፎም ውፍረት ይጀምሩ።