ሀዋሳ ውስጥ "እና ምን ይጠበስ" የሚል ጓደኛን ወፍ የማስቆጠር ዘዴ

መጀመሪያ ነገር "ብዝሀ ህይወት" የምትለዋን ቃል ቤት ትታችኋት ውጡ። እኔ ሰፈራችን ውስጥ ስንቴ ሞክሬያታለሁ፣ ሰዉ ስብሰባ የተጠራ ነው የሚመስለው፣ አበል አለው ወይ ብሎ የጠየቀኝም አለ።

በአሳ ጀምሩ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውሰዱት፣ ጥሬ አሳ በዳጣ ጋብዙትና እሱ እየበላ መረብ የሚጠግኑ ትልቅ ሰው አይጠፉምና "ጋሼ ድሮ አንዱ ቆሮሶ ምን ያህል ነበር?" በሏቸው፣ በእጃቸው ለክተው ያሳዩታል። የመረቡ አይን ሲጠብ ገና አንዴም ያልተራባው ትንሹ አሳ አብሮ ይወጣል። ጓደኛችሁ ደሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ትንሹን ከሆነ የጎደለ ነገር እንዳለ በምን ያውቃል? ግድ የለሽ ምናምን እንለዋለን እንጂ ያላየው ነገር እንዴት ይናፍቀዋል። አጥማጁ ላይ ግን እንዳትጮሁ፣ እሱ የዛሬ እራት ነው የያዘው።

ቀጥሎ አባ ኮዳ። "ይሄ አስቀያሚ ወፍ" ይላችኋል፣ እሺ በሉት፣ ያምራል ብላችሁ አትከራከሩ፣ የአሳውን አንጀት ማን እንደሚያነሳው ብቻ አሳዩት። ከዛ የህንዱን ንገሩት፦ እኛ ወገባችንን ሲያመን የምንውጠው ዳይክሎፍናክ እዛ ለከብት ይሰጥ ነበር፣ መድሀኒቱን የወሰደ ከብት ሲሞት ጥንቡን የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይበላሻል፣ እንዲህ እያለ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ጀምሮ 3 ዝርያ ከ100 ከ95 በላይ አለቀ። ጥንቡ ለውሻ ቀረ፣ ውሻውም በዛ። ለከብት መስጠቱን በፈረንጆቹ 2006 ከለከሉ ግን አብዛኛው ወፍ አልቆ ነበር። እስካሁን ይሄን ሰምቶ ዝም ያለኝ ሰው የለም፣ ውሻ ስለሚፈሩ ይሁን እንጃ።

አሁን ደብተር ስጡት። 4 ወይ 5 አይነት ወፍ ብቻ ምረጡ፣ አባ ኮዳ፣ ፔሊካን፣ የአሳ ንስር፣ እንደዚህ በሩቁ የሚለይ። አንድ ቦታ ቆማችሁ 15 ደቂቃ፣ ሁሌ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ምክንያቱም አንጀት የሚጣልበት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ አይገናኝም። ብዙ ከሆኑ አስር አስር እያላችሁ ቁጠሩ። ከሌለ 0 ብላችሁ ጻፉ፣ ባዶ አትተዉት፣ ኋላ ላይ ጠፍቶ ነው ወይስ ረስታችሁት አታውቁትም። በብርድ ወቅት ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎች ስላሉ ደሞ ጥርን ከጥር ጋር እንጂ ከሐምሌ ጋር አታወዳድሩ። ስልክ ላይ ኢበርድ የሚባል ነጻ አፕ አለ፣ እዛ ብታስገቡት ደብተሩ ቢጠፋም ቁጥሩ አይጠፋም።

ሃይላንዱን ውሃው ውስጥ ሊወረውር ከሆነ ሐይቁ መውጫ ወንዝ እንደሌለው ንገሩት፣ የገባው እዛው ነው የሚቀረው።

3 ቅዳሜ ሳይመጣ ከቀረ አትለማመጡት፣ ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ ከወሰድኳቸው 4 ሰዎች የዘለቀው አንዱ ነው፣ እሱም ለአሳው ይመስለኛል።