ኪቦርድ ስትገጣጥሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያ ኪቦርዴን ገጣጥሜ ስጨርስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። መብራቱ በራ። «ቆንጆ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን «ቆጆ እው» የሚል ነበር።

የኤን ቁልፍ አይሠራም። ከየቁልፉ ሥር ከሚገቡት 84 ስዊቾች የአንዱ የብረት እግር ሲገባ ታጥፎ ኖሯል። ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ምክንያቱን እስካገኝ ግን ሌሊቱ ተጋመሰ። ስዊቾቹ የሚሰኩበት ቦርድ የተቃጠለ መስሎኝ በጣም ደንግጬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለጓደኞቼም ብዙ ኪቦርድ ገጣጥሜያለሁ። ሥራዬ ትርጉም ነው፤ በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት አማርኛ እጽፋለሁ። ስለ ኪቦርድ የሚመክሩን ሰዎች አብዛኞቹ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። የእኛ ጣት ሌላ ሥራ አለበት። በድምፅ አጻጻፍ ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ቁልፍ እንጫናለን፦ አንዱ ለተነባቢው፣ አንዱ ለአናባቢው። ጠ፣ ጨ፣ ኘ፣ ዠ እና ጰ ሲመጡ ደግሞ ሺፍት ይጨመራል። እኔ በምጠቀምበት አጻጻፍ አራት ነጥብ ራሱ ያለ ሺፍት አይወጣም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምላችሁን ሁሉ የምላችሁ አማርኛ የሚጽፍ እጅን እያሰብኩ ነው።

ስዊችን በቪዲዮ ድምፅ መምረጥ

ስዊች ማለት ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለችው ትንሽ ሣጥን ናት። ውስጧ ሞላ፣ የምትወርድ የምትወጣ ግንድ እና የሚነካካ ብረት አለ። ዛሬ የምናውቀውን ቅርፅ ያመጣው ቼሪ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ። ዛሬ ጌትሮን፣ ካይል እና ሌሎችም በዚያው ቅርፅ ይሠራሉ።

ሦስት ዓይነት አሉ። ሊኒየር ያለ እንቅፋት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ታክታይል መሐል ላይ ትንሽ ጉብታ አለው። ክሊኪ ደግሞ ቀጭ ይላል። ሰው ቪዲዮ ያያል፣ ድምፁ ደስ ይለዋል፣ ያዛል። በቪዲዮው ውስጥ የሚሰማው ግን የስዊቹ ድምፅ ብቻ አይደለም። የኪቦርዱ ሣጥን፣ ስዊቾቹን የሚይዘው ፕሌት፣ ጣት የሚያርፍበት ኪካፕ፣ ጠረጴዛው፣ ማይኩ፣ ሁሉም አለበት።

ድምፅ የማይነግራችሁ ደግሞ ክብደቱን ነው። የቼሪ ቀዩ ስዊች 45 ግራም ያህል፣ ጥቁሩ 60 ግራም ያህል ግፊት ይፈልጋል። ሁለቱም ሊኒየር ናቸው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ለአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ለሚጫን እጅ ግን ማታ ላይ በደንብ ይታወቃል። ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት የተለያዩ ስዊቾች ያሉበት ትንሽ የመሞከሪያ ሰሌዳ ግዙ። ወይም ያለው ጓደኛ ቤት ሂዱና አንድ ገጽ አማርኛ ጻፉበት። አንድ ገጽ በቂ ነው፤ ጣታችሁ ይነግራችኋል።

ቢሮ ከሰው ጋር ተጋርታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ክሊኪውን እርሱት። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው አያሳዝናችሁም?

ትንሹን መጠን በቁንጅናው መግዛት

ከሙሉው ኪቦርድ አንጻር 60 በመቶ የሚባለው ኪቦርድ 61 ቁልፍ ብቻ አለው። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያምራል፣ ቦርሳ ውስጥም ይገባል። ቀስቶች ግን የሉትም፤ ለእነሱ ሌላ ቁልፍ አብሮ መጫን ያስፈልጋል። ጽሑፍ የሚያርም ሰው ቀስት ሳይነካ አንድ ደቂቃ አይቆይም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገጣጥሙ ከሆነ ቀስት ያለውን 65 ወይም 75 በመቶ እመክራለሁ።

አውሮፓ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። የአውሮፓው አደራደር አይኤስኦ ይባላል። ኢንተሩ ረጅምና የተቆለመመ ነው። የግራው ሺፍት አጭር ነው፤ በእሱና በዜድ መካከል ሌላ ቁልፍ ስላለ ትንሿ ጣት ራቅ ብላ መዘርጋት አለባት። ሺፍት ለሚያበዛ አማርኛ ጸሐፊ ይህ ያደክማል። አሜሪካ ያለ ዘመድ ካላችሁ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ አንሲ የሚባለው ነው፤ የግራው ሺፍት ረጅም ነው።

ኪካፕ ሁሉ ይገጥማል ማለት

አንድ ተራ ፊደል የሚይዘው ቦታ 19.05 ሚሊሜትር ነው። ይህ አንድ ዩ ይባላል፣ ሌሎቹም በእሱ ይለካሉ። ስፔስ ብዙውን ጊዜ 6.25 ነው፤ 7 የሆነም አለ። 65 በመቶ ኪቦርድ ላይ የቀኙ ሺፍት አብዛኛውን ጊዜ 1.75 ነው። ርካሽ ኪካፕ ስብስብ ውስጥ ይህ መጠን ላይኖር ይችላል። ስብስቡን ከማዘዛችሁ በፊት የታችኛውን ረድፍና የቀኙን ሺፍት በዝርዝሩ አረጋግጡ።

ፕላስቲኩንም ጠይቁ። ኤቢኤስ የሚባለው ከጊዜ በኋላ ጣት የሚበዛበት ቦታ ላይ ማብረቅረቅ ይጀምራል። ፒቢቲ ይህን ይቋቋማል። ዝቅ ያለ ስዊች ያለው ኪቦርድ ከሆነም ግንዱ የመደመር ምልክት ቅርፅ መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ ተራው ኪካፕ አይገባለትም።

ስታቢላይዘርን ቸል ማለት

ከሁሉም በላይ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ስታቢላይዘር ረጃጅም ቁልፎችን በሁለቱም ጫፍ ደግፎ እኩል የሚያወርድ ሽቦና ፕላስቲክ ነው። ስፔስ፣ ኢንተር፣ ባክስፔስ እና ረጃጅሞቹ ሺፍቶች ሥር ይገኛል። ውድ ስዊች ተገዝቶ ስታቢላይዘሩ እንደመጣ ከተገጠመ፣ ስፔስ በተነካ ቁጥር እንደ አሮጌ መስኮት ይንኳኳል። አማርኛ ሲጻፍ ሺፍቱም አብሮ ይንኳኳል፤ በየ«ጠ»ው፣ በየ«ጨ»ው፣ በየአራት ነጥቡ።

መጀመሪያ ሽቦውን አውጡና መስታወት ላይ አስተኙት። ሁለቱ ጫፎች መስታወቱን እኩል መንካት አለባቸው። አንዱ ከተነሳ በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አቅኑት፤ እያስተኛችሁ፣ እያያችሁ፣ ደግሞ እያቀናችሁ። ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀጥሎ የሽቦው ጫፍ ፕላስቲኩ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ወፍራም ግራሶ ቀቡት። ዳይኤሌክትሪክ ግሪስ የሚባለው፣ ለመኪና ካንዴላ ገመድ ጫፍ የሚቀባው ዓይነት፣ ለዚህ ጥሩ ነው። የሽቦው ንኪኪ ድምፅ ወዲያው ይጠፋል።

ፕላስቲኩን ራሱን ግን በስሱ ቀቡ። ከበዛ ቁልፉ እየተጎተተ ይመለሳል። ሺፍት ዘግይቶ ሲመለስ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። «አጣን» ልትሉ «አጣኝ» ይወጣል። የፊደል ማረሚያ ይህን አይይዝላችሁም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ናቸውና። እኔ አንድ ቀን ሙሉ በራሴ እጅ ፈርጄ፣ ጥፋቱ የሺፍቱ ግራሶ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በብሎን የሚታሰረው ዓይነት ከሆነ፣ ብሎኑን እስኪጨንቀው አታጥብቁ። ቦርዱን ይጎዳል። ካቻቢቴው ትንሽ እምቢ ሲላችሁ አቁሙ።

ይህ ሁሉ ከስዊቹ በፊት ይሠራ። ቦርዱ ላይ የሚታሰር ስታቢላይዘር ከፕሌቱ ሥር ነው የሚቀረው። ስዊቾቹ ከገቡ በኋላ ወደ እሱ ለመድረስ ሁሉንም መንቀል ግድ ነው። ኪካፖቹን አድርጋችሁ ግራውን፣ መሐሉን፣ ቀኙን እየተጫናችሁ አድምጡ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ሲሰጧችሁ ቀጥሉ።

ቅባት ማብዛት፣ ያልሆነ ቅባትም መቀባት

ስዊች መቀባት የዚህ ሥራ ደስ የሚለው ክፍል ነው። ለሊኒየር ክራይቶክስ 205 ጂ0 የሚባለው ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው። ለታክታይል እንደ ትራይቦሲስ 3203 ያለ ቀለል ያለ ይሻላል። ቀጭን ብሩሽ፣ ስስ ቅብ። ብሩሹ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ከሆነ በዝቷል። ግንዱ የሚንሸራተትበትን ሐዲድና የሞላውን ጫፎች ቀቡ።

በታክታይል ላይ የግንዱን ሁለት እግሮች አትንኩ። ጉብታውን የሚፈጥሩት እነሱ ናቸው። ከተቀቡ የከፈላችሁበት ስሜት ይሞታል። ክሊኪን ደግሞ ጭራሽ አትቀቡ።

ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት፣ የዝገት ማስለቀቂያ፣ ከጋራዥ የመጣ ተራ ግራሶ፣ እነዚህ ሁሉ ይቅሩ። ለዚህ ሥራ አልተሠሩም፤ አቧራም ይሰበስባሉ። በጋ ላይ መስኮት ከፍቶ የሚሠራ የአዲስ አበባ ሰው አቧራ ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ለአንዱ ስዊች ሁለት ሦስት ደቂቃ ያዙ። 84 ስዊች ሦስት አራት ሰዓት ነው ማለት ነው። በሁለት ማታ ከፍላችሁ ሥሩት። እጅ ሲደክም ቅባቱ ይበዛል።

ሳይፈትሹ መዝጋት

ወደዚያች የኤን ቁልፍ ልመለስ። ዛሬ ቦርድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ባዶውን ኮምፒውተር ላይ እሰካዋለሁ። የቁልፍ መሞከሪያ ገጽ እከፍታለሁ። ከዚያ በወረንጦ የእያንዳንዱን ቦታ ሁለት ቀዳዳዎች አገናኛለሁ። ፊደሉ ከበራ ቦታው ጤነኛ ነው። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ጊዜ ከታዘዘ ቦርድ ላይ ሁለት የሞቱ ቦታዎች አግኝቼ፣ ገና ምንም ሳልገጥምበት ስለነበር ያለ ክርክር ተቀይሮልኛል።

ከዚያ ስዊቾቹን አንድ በአንድ ከሥራቸው እዩ። ሁለቱ የብረት እግሮች ቀጥ ማለት አለባቸው። የተጣመመ ካለ በወረንጦ ይቃና። ስታስገቡ ቀጥ አድርጋችሁ ከላይ ተጫኑ፣ በሌላ እጃችሁ ደግሞ ከቦርዱ ጀርባ እግሮቹ የሚገቡበትን ሶኬት ደግፉ። ካልደገፋችሁ ሶኬቱ ከቦርዱ ሊነቀል ይችላል። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን ሙሉ፤ ፕሌቱና ቦርዱ ይስተካከላሉ። እምቢ ያለ ስዊች ካለ አትግፉት። አውጡና እግሩን እዩ።

አንዳንድ ስዊች ከብረቶቹ ሌላ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ እግሮች አሉት። የመሐሉ ወፍራም ፕላስቲክ ተቆጥሮ ባለ አምስት እግር ይባላል። ቦርዳችሁ ለትናንሾቹ ፕላስቲኮች ቀዳዳ ከሌለው እነሱን በጥፍር መቁረጫ መቁረጥ ይቻላል። ብረቶቹን እንዳትነኩ።

ሁሉም ቁልፍ መሥራቱን ሳታዩ የሣጥኑን ብሎን አትሰሩ።

ሶልደርን በመጀመሪያው ኪቦርድ መለማመድ

ስዊቹ የሚሰካና የሚነቀል፣ ሆትስዋፕ የሚባለው ቦርድ እያለ የመጀመሪያችሁን በሶልደር፣ ማለትም ስዊቹን ቦርዱ ላይ በመበየድ፣ አትጀምሩ። መማር ከፈለጋችሁ ከሞባይል ጠጋኝ የሞተ ቦርድ ለምኑና እሱ ላይ ተለማመዱ። የመበየጃው ሙቀት 350 ዲግሪ አካባቢ፣ ንኪኪው ሁለት ሦስት ሰከንድ። ከዚያ በላይ ከቆየ የመዳብ ክቧ ከቦርዱ ትላቀቃለች። መስኮት ክፈቱ፤ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

መበየጃውን ከአሜሪካ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ቮልቱን ያንብብ። 110 ብቻ የሚል መሣሪያ እኛ ቤት 220 ላይ ሲሰካ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል።

ኬብሉን አለመጠርጠር

ኪቦርዱ ምንም ካልሰጠ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ኬብል መብራቱን ያበራል፣ ፊደል ግን አያሳልፍም። በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል ብቻ የማይሠሩ ቦርዶችም አሉ። በአንድ ጫፉ ሰፊው የድሮው ዩኤስቢ ያለበትን ሞክሩ።

ፊደሉ ከኪቦርዱ ይመጣል ብሎ ማሰብ

ብዙ ሰው «አማርኛ የሚጽፍ ኪቦርድ ሥራልኝ» ይለኛል። ኪቦርዱ የሚልከው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው። ፊደሉን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የአጻጻፍ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ማንኛውም ኪቦርድ አማርኛ ይጽፋል። ፊደል የታተመበት ኪካፕ አላገኘሁም ብላችሁ ሥራውን አታዘግዩ። እኔ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ኪካፕ ነው የምጠቀመው፣ ጣቴ ቦታውን ያውቀዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነው፦ ቦርዱ ቪያ ወይም ኪውኤምኬ በሚባሉት ፕሮግራሞች ይስተካከላል? ከተስተካከለ የእያንዳንዱን ቁልፍ ሥራ ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ቋንቋ የሚቀየረው የዊንዶውስን ቁልፍና ስፔስን አብሮ በመጫን ነው፤ ማክ ላይ በኮንትሮልና በስፔስ። እኔ ይህን በአንድ ቁልፍ አድርጌዋለሁ። ካፕስ ሎክ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። የግራ ትንሿ ጣቴ ትነካዋለች፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እሻገራለሁ፣ ደግማ ስትነካው እመለሳለሁ።